ሪከርድ የሰበረ ሰው ጥያቄ አልጠየቀም

የግል ሪከርዳቸውን ስለሚሰብሩ ክብደት አንሺዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ሰው ፊት ያነሳ ወይም ያነሳበትን ቪዲዮ ለሰው ያሳየ አስተያየት ጋብዟል። ስህተት ያየ ሁሉ ሳይጠየቅም መናገር አለበት። ዝም ያለ ለሚመጣው ጉዳት ተባባሪ ነው። በግልጽ የተነገረ እርማት ሁሌም ያሻሽላል፣ «ጎበዝ» ማለት ደግሞ ሰነፍ ያደርጋል። በደንብ ያልወረደ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሪከርድ አይባልም፣ ይህንንም ፊት ለፊት መንገር ሐቀኝነት ነው። እርማት የሚከብደው ሰው ሪከርዱን ለራሱ ይያዝ፤ የማይችል ይቅር።

ጸሐፊው በክፋት የጻፉት አይደለም። ሰው እንዳይጎዳ መጨነቃቸው ያስታውቃል። ግን ይህ ምክር ጂም ውስጥ ሲተገበር ምን እንደሚመስል በየጊዜው ስለማይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሪከርድ የሰበረ ሰው የሚነግረን ዜና ነው። ጥያቄ አልጠየቀም። ሳይጠየቁ መናገር የሚገባበት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ግን ጸሐፊው ከዘረጉት በጣም ይጠባል።

ጽሑፉ የሚነሳው ሰው ፊት የተደረገ ነገር ለአስተያየት ክፍት ነው ከሚለው ነው። መታየትና ምክር መጠየቅ ግን ለየቅል ናቸው። ጂም ውስጥ ሰው ፊት የምናነሳው ብረቱ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ቪዲዮውን ለጓደኛ የምናሳየው ደስታችንን እንዲካፈል ነው። ልጁ የተመረቀለት አባት ፎቶ ሲያሳይህ «ጋውኑ ሰፍቶታል» አትለውም። ጋውኑ የምር ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። አባትየው ግን ያሳየህ ልጁን ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የዘለሉት ነገር አለ፤ ያ ክብደት ላይ የተደረሰበት መንገድ። ብዙ ጂም ውስጥ ያለው ትንሹ ፕሌት፣ ማለትም ባሩ (ረጅሙ ዘንግ) ጫፍ ላይ የሚገባው ክብ ብረት፣ 1.25 ኪሎ ነው። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሲጨመር 2.5 ኪሎ ይሆናል። ለጀማሪ ይህ የሳምንት ሥራ ነው። ዓመታት ለሠራ ሰው ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስኳት ላይ 140 ኪሎ አላፈናፍን ብሎት የከረመ ሰው 142.5 ሲያነሳ፣ ለሌላው ያው ብረት ነው። ለእሱ ግን ደክሞት እያለ የሄደባቸው ቀናት፣ ሞክሮ ያልተሳካለት ክብደት፣ እንደገና ዝቅ ብሎ የጀመረው ፕሮግራም ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ተመልካቹ ያየው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

በዚያች ጥቂት ሰከንድ እኛ ያየነውን ጉድለት እሱ አላየውም ብሎ ማሰብም ይከብዳል። ዛሬ ያነሳውን ቀርጾ፣ አዘግይቶ፣ ደጋግሞ የማያይ ማን አለ? ጉልበቱ ወደ ውስጥ እንደገባ ከማንም በፊት ያወቀው ራሱ ነው። አሰልጣኝ ካለው ነግሮታል፤ አሁን እየሠሩበት ያሉት ነገር ሊሆንም ይችላል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። ፎርሙ (የአነሳስ ሥርዓቱ) የተበላሸ ሰው ይጎዳል፣ ስለዚህ ዝም ያለ ተባባሪ ነው ይላሉ። ይህን በቁም ነገር እወስደዋለሁ።

መጀመሪያ የምር አደጋ የሆነውን እንለይ። ቤንች ፕሬስ ላይ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ባሩን ከደረት ወደ ላይ በሚገፋበት ልምምድ፣ ብቻውን የተኛ ሰው አየህ እንበል። ፕሌቶቹን እንዳይወጡ በሚይዘው ክሊፕ ቆልፏል፣ ከራስጌው የሚጠብቀው ሰው የለም፣ በጎን የሚደግፍ የደህንነት ብረትም አላደረገም። ሂድና ተናገር። ባሩ ደረቱ ላይ ቢቀርበት ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ፕሌቶቹን ማራገፍ አይችልም። አውራ ጣቱን ባሩ ላይ ሳይጠመጥም ለሚገፋም እንደዚያው። ባሩ ከመዳፉ ከተንሸራተተ የሚያርፈው ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ (በስኳት፣ በቤንች ፕሬስና በዴድሊፍት የሚወዳደሩበት ስፖርት) ፌዴሬሽን በቤንች ፕሬስ አውራ ጣት ባሩን እንዲይዝ በደንቡ ያስገድዳል። የስኳት ራኩ (ባሩ የሚቀመጥበት ማቆሚያ) የደህንነት ብረት በጣም ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ ሰው ባሩ አጠገብ እያለፈ ከሆነ፣ አንሺው ፊቱ ገርጥቶ እየተንገዳገደ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። ጩህ።

እነዚህ ሁሉ ግን አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። የሚነገሩት ከማንሳቱ በፊት ወይም እያነሳ ሳለ ነው። ጸሐፊው የሚያወሩት ካነሳ በኋላ ስለሚሰጥ እርማት ነው። ባሩ ወርዷል። ሰውየው እየሳቀ ነው። በዚያች ደቂቃ የምታድነው ሰው የለም። ለሚቀጥለው ጊዜ የሚጠቅም ነገር ካለህ እስከሚቀጥለው ጊዜ ይቆያል፤ አይበላሽም።

ሌላው፣ አደገኛ የሆነና ያላማረ ነገር አንድ አይደሉም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊነሳ የሚችል ክብደት ሲነሳ ፎርም ይለወጣል። ባሩ መሀል ላይ ሲደርስ ይዘገያል። ዳሌ ከትከሻ ቀድሞ ይነሳል። የላይኛው ጀርባ ትንሽ ይጎብጣል። በቀላል ክብደት የሚታየው ያማረ አነሳስ የአቅም ጫፍ ላይም ሳይዛነፍ እንዲገኝ መጠበቅ ስፖርቱን ካለማወቅ ይመጣል።

ሁለት ሰዎችን ላንሳ። አሜሪካዊው ላማር ጋንት ስኮሊዮሲስ ነበረበት፤ አከርካሪው ወደ ጎን የተጠማዘዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985፣ የራሱ ክብደት 60 ኪሎ ሆኖ፣ በዴድሊፍት፣ ማለትም ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ በመቆም፣ 300 ኪሎ አነሳ። በዴድሊፍት የራሱን ክብደት አምስት እጥፍ በማንሳት የመጀመሪያው እሱ ነው። የላትቪያው ኮንስታንቲንስ ኮንስታንቲኖቭስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በዴድሊፍት 426 ኪሎ ያነሳው ያለ ቀበቶ፣ ጀርባውን አጉብጦ ነው። ማንም እንደነሱ ያንሳ እያልኩ አይደለም። ዓመታት ሙሉ ለዚያ የተገነባ ሰውነት ነው። ግን ስማቸውን ሳናውቅ አጠገባችን ቢያነሱ ኖሮ ስንቶቻችን «ጀርባህን አስተካክል» ልንላቸው እንሄድ ነበር? ከጎን ቆሞ አንድ ጊዜ አይቶ «ይሄ ይጎዳሃል» ብሎ መፍረድ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው።

ጽሑፉ ሲነበብ ብረት የሚያነሳ ሁሉ ከአካል ጉዳት አንድ እርምጃ ላይ ያለ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲስን የወጣ፣ ቀደም ያሉ ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ ግን በፓወርሊፍቲንግ በ1,000 የልምምድ ሰዓት የሚደርሰው ጉዳት ከ1 እስከ 4.4 መሆኑን ያሳያል። ይህ ተጫዋቾች ከሚጋጩባቸው ስፖርቶች ያነሰ ነው። ጉዳት የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ግን ክብደት በፍጥነት መጨመር፣ ድካም መጠራቀም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያልዳነ ሕመም ይዞ መሥራት የመሳሰሉት ቪዲዮ ላይ አይታዩም። የምር የሚጨነቅ ሰው ስለ እነሱ ይጠይቃል። የጀርባ ቅርጽን ብቻ አይቶ አይበይንም።

ቃሉ ራሱም ያለ ዋጋ አይነገርም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ በዴድሊፍት ለመጀመሪያ ጊዜ 100 ኪሎ አነሳች። ባሩን አውርዳ፣ እጇ ባሩ እንዳይንሸራተት በሚቀባው ነጭ ዱቄት እንደተለወሰ ወደኛ ስትዞር አንድ ሰው ከአጠገቧ ካለው ማሽን ተነስቶ መጣ። የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አወጣ። «ጀርባሽ ጎብጧል። በዚህ ዓይነት ዲስክሽ ይወጣል» አላት። ያነሳችው ስንት እንደሆነ አልጠየቀም። ስንት ዓመት እንደሠራችም አልጠየቀም። ተናግሮ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ልጅቷ ምንም ያላመማትን ወገቧን በእጇ ያዘች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ 60 ኪሎ እንኳ አንስታ ዘወር ትልና «ጎብጧል?» ብላ ትጠይቀኛለች። 60 ኪሎ ለእሷ ማሟሟቂያ ነው።

የጀርባ ሕመም የሚያክሙ ባለሙያዎች እንቅስቃሴን መፍራት ራሱ ሕመምን እንደሚያራዝም ያውቃሉ። ያ ሰው ለደህንነቷ አስቦ ሊሆን ይችላል። የሰጣት ግን ፍርሃት ብቻ ነው። ምን ማድረግ እንዳለባት አንድም ነገር አላላትም። ይህን እንደ ጉርሻ ልጨምር፦ እንዲህ ያለው ያልተጠየቀ ትምህርት ሴቶች ላይ እንደሚበረታ አብረን የምንሠራ ሁላችን እናየዋለን። ከእሷ ጎን በባሰ ፎርም የሚያነሳ ወንድ ሲኖር ማንም ማዳመጫውን አያወጣም። ጸሐፊው «ያየ ሁሉ ይናገር» ሲሉ ማን ለማን እንደሚናገር አላሰቡበትም።

በግልጽ የተነገረ እርማት ሁሌም ያሻሽላል የሚለውስ? አያሻሽልም። አብርሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መርምረው ነበር። በአማካይ ግብረ መልስ ይጠቅማል። ግን ከሲሶ በሚበልጡት ሁኔታዎች የሰዎቹን ውጤት ጭራሽ ቀንሶታል። በተለይ ሰውየው ሐሳቡን ከሥራው አንስቶ ስለ ራሱ ማንነት እንዲጨነቅ ሲያደርገው ጥቅሙ ይጠፋል። ሪከርድ በሰበረበት ደቂቃ እርማት የተሰጠው ሰው ስለ ዳሌው አያስብም። «ደስ ያለኝ በከንቱ ነው እንዴ?» ብሎ ነው የሚያስበው።

የእንቅስቃሴ ትምህርት ላይ የተሠሩ ሙከራዎች ደግሞ ከዚህም የቀረበ ነገር ያሳያሉ። ግብረ መልስ መቼ እንዲሰጣቸው ራሳቸው የመረጡ ተማሪዎች፣ ምርጫ ሳይሰጣቸው ያንኑ ያህል ከተነገራቸው ብዙ ጊዜ በተሻለ ተምረው ተገኝተዋል። ሱዜቴ ቺቪያኮቭስኪና ጋብሪዬሌ ቩልፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሥራ ተማሪዎቹ መቼ እንደሚጠይቁም አይተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ጥሩ ሠራን ብለው ካሰቡት ሙከራ በኋላ ነው። እንግዲህ ይህን ከጽሑፉ ጋር አስተያዩት። ሰው ጥሩ ሲሠራ ለመማር ክፍት ነው፤ ግን ራሱ ሲጠይቅ። ስለዚህ መጠየቅ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ምክሩ ሥራ እንዲሠራ የሚያደርገው ራሱ መጠየቁ ነው።

የምክሩ ብዛትም አለ። ደረት ቀና፣ ጉልበት ወደ ውጭ፣ እግር ሰፋ፣ ትንፋሽ ያዝ፣ ዓይን ወደ ፊት። አምስቱንም በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ከባድ ብረት ስር ገብቶ አምስት ነገር ማሰብ የሚችል የለም። ጥሩ አሰልጣኝ አንድ ነገር ይመርጣል፣ ሌላውን ይተወዋል። ያንን አንድ ለመምረጥ ደግሞ ሰውየውን ማወቅ አለበት።

ስለ ስኳቱ ጥልቀት የተባለው ግማሹ ልክ ነው። ውድድር ላይ ደንብ አለ። ዳሌው መገጣጠሚያ ጋ ያለው የጭን የላይኛው ገጽ ከጉልበት አናት በታች መውረድ አለበት። ሦስት ዳኞች አሉ። ነጭ መብራት ጸደቀ፣ ቀይ መብራት አልጸደቀም ማለት ነው፤ ከሦስቱ ሁለት ነጭ ያስፈልጋል። እዚያ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ተመዝግቦ፣ ልፈረድ ብሎ ነው የመጣው። ቀይ መብራት ቢበራበት ማንም አልበደለውም።

የልምምድ ቦታ ግን መድረክ አይደለም። «የግል ሪከርድ» የሚያወዳድረው ሰውየውን ከትናንትናው ራሱ ጋር ነው። ባለፈው በዚያው ጥልቀት 120 ያነሳ፣ ዛሬ በዚያው ጥልቀት 125 ካነሳ በርትቷል። ይህን የሚክድ ደንብ የለም። ነገሩ የሚለወጠው ራሱን ከሌላ ሰው ጋር ሲያወዳድር ነው፤ የጂሙ ሰሌዳ ላይ ስሜ ይጻፍ ሲል፣ ወይም በዚህ ቁጥር ውድድር እገባለሁ ሲል። ያኔ መለኪያው የጋራ ነው፣ «ይሄ አልወረደም» ማለትም ተገቢ ነው። እንዲያውም ውድድር የሚገባውን ሰው ቀድሞ አለመንገር በደል ነው። ጸሐፊው ይህን ልዩነት ቢያደርጉ ኖሮ እዚህ ነጥብ ላይ አልከራከራቸውም ነበር።

በዚያ ላይ ቪዲዮ አይተን ስለ ጥልቀት ስንፈርድ ብዙ ጊዜ ፈራጁ ካሜራው ነው። ስልኩ ከፊት በኩል ከጉልበት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ለካሜራው የቀረበው ጉልበት ወርዶ ይታያል። ዳሌው ከፍ ያለ ይመስላል፣ ስኳቱም ያልወረደ። ያንኑ ስልክ ከፊት በኩል መሬት ላይ ብታስቀምጠው ተቃራኒው ይሆናል፤ ያልወረደው የወረደ ይመስላል። ልክ የሚያሳየው ከጎን፣ በዳሌና በጉልበት ከፍታ የተቀረጸ ብቻ ነው። ስልኩን የውኃ ጠርሙስ ላይ አስደግፎ በተቀረጸ ቪዲዮ ሰውን ውሸታም ማድረግ ነውር ነው።

«ጎበዝ» ሰነፍ ያደርጋል የሚለውን ብዙ አልቆይበትም። 142.5 ኪሎ ያነሳ ሰው በአንድ ቃል አይሰንፍም። ባዶ ምስጋና የማይወድ ሰው ያየውን ይናገር፤ «መሀል ላይ ሲቆምብህ አልለቀቅኸውም» ይበል። ይህ እውነትም ነው፣ ጠቃሚም ነው፤ ሰውየው የሠራውን ነገር መልሶ ያሳየዋል።

የምር የሚጠቅም ነገር አይቻለሁ የሚል ሰው ግን ዝም ብሎ ይሂድ እያልኩ አይደለም። መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ ይበል፣ ቀጥሎም «እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ከልምዴ እንዳየሁት አብዛኛው አንሺ ራሱ ነው የሚጀምረው። «ሲነሳ ትንሽ ወደ ፊት ጣለኝ» ይልሃል። በሩን ከፈተልህ ማለት ነው፤ ግባ። ካልከፈተ ደግሞ «የታዘብኩት ነገር ነበር፣ ልንገርህ ወይስ ሌላ ቀን?» ማለት ይቻላል። «ሌላ ቀን» ካለ ሌላ ቀን ነው። «አይ ይቅርብኝ» ካለም አለቀ፣ መኮሳተር የለም። የራሱ አሰልጣኝ የሆነ ሰው ይህን ሁሉ መጠየቅ አይጠበቅበትም፤ ሥራው ነው። ግን የማውቃቸው ጎበዝ አሰልጣኞች እንኳ በሪከርድ ቀን አያርሙም። ያዩትን ይይዙና በሚቀጥለው ልምምድ፣ ማሟሟቂያው ክብደት ላይ፣ ቀለል አድርገው ያነሱታል። እርማትን መሞከር የሚቻለውም በቀላል ክብደት ነው፤ አቅሙን ጨርሶ የተቀመጠ ሰው ምኑን ይሞክረዋል?

የቀረው «የማይችል ይቅር» የሚለው ነው። ጽሑፉ ውስጥ ያላግባባኝ ዋናው ነገር ይህ ነው። እርማት የበዛበት ሰው ስፖርቱን ላያቆም ይችላል። የሚያደርገው ሰው በሌለበት ሰዓት መምጣት ነው። ያነሳውን ለማንም አያሳይም። የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ እያለ ጥያቄ ቢኖረውም አይጠይቅም፣ ምክንያቱም አንድ ቢጠይቅ አሥር እንደሚነገረው ያውቃል። ቤንች ፕሬስ ላይም «እስቲ ከኋላዬ ቁምልኝ» ብሎ ሰው መጥራት ይተዋል። ከላይ ፈቃድ ሳያስፈልግ ጩህ ያልኩት አደጋ ይኸው ነው፤ ብቻውን የተኛ፣ ክሊፕ የቆለፈ፣ የሚጠብቀው የሌለ ሰው። ጸሐፊው ከዚህ ሊያድኑት የፈለጉትን ሰው ምክራቸው ወደዚያው ይገፋዋል። ያንን ዐረፍተ ነገር ከጽሑፋቸው እንዲያወጡት የምጠይቃቸው ለዚህ ነው።